ለቅሶ የማይቀመጡ ሰዎች

ናሆም የሞተ ዕለት ለኤልዳና ቀድሞ የደረሰላት ጎረቤት አልነበረም፤ ግራ እጇ ላይ የታሰረው አምባር ነበር። ማለዳ ቁርስ ቀርቧል ልትለው ትከሻውን ነካ አደረገችው፤ ቀዘቀዛት። ደግማ ነካችው። እጇን ሰብስባ ሳትጨርስ አምባሩ ነዘራትና፣ በዚያ ተቆጥቶም ተደስቶም በማያውቅ ድምፁ፣ «ከፍተኛ ሐዘን ታይቶብዎታል። እባክዎ ጫማዎን አድርገው ይነሱ» አላት።

«ባሌ እኮ ነው የሞተው» አለችው ኤልዳና። ለአምባር መልስ መስጠት ሞኝነት እንደሆነ አጥታው አይደለም። ግን ቤቱ ውስጥ ሌላ የሚሰማት አልነበረም።

«ነፍስ ይማር። በቀላል ሶምሶማ ይጀምሩ።»

ኤልዳና የሚለው ዛሬ የአሮጊት ስም ነው። ኤልዳና፣ ሶልያና፣ ሄራን የተባሉት ሁሉ አርጅተዋል፤ በሁለት ሺህ ሰባዎቹ ደሴ ውስጥ «እማማ ሄራን» ሲባል የሚስቅ የለም። ታዲያ የዘመኑ አሮጊት እንደ ድሮዋ ግድግዳ ተደግፋ ፀሐይ የምትሞቅ እንዳትመስላችሁ። ዳገት አያደክማትም፣ እንቅልፍ አይነሳትም፣ የማን ልጅ ከማን ልጅ ጋር መቼ እንደተጣላ ከነቀኑ ትነግራችኋለች።

አምባሩ ለዕድሩም አሳውቆ ኖሮ ወዲያው ቃልአብ ጥሩምባውን ነፋ። ቃልአብ የሰፈሩ ዕድር ጥሩምባ ነፊ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰው ሲሞት ከልቡ የሚያዝን፣ አዝኖም ቶሎ የሚሻለው ሰው። ድሮ ጥሩምባ የሰማ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ነበር የሚወጣው ይባላል። አሁን የጫማውን ክር አጥብቆ ነው የሚወጣው። ፀሐይ ከፍ ሳትል ግቢው ሞላ፤ የመጣው ሁሉ ባለበት እየረገጠ፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ «እግዜር ያጥናሽ፣ እግዜር ያጥናሽ» አላት። ቃልአብም አንገቱን ደፍቶ ቀረበ።

«እትዬ ኤልዳና፣ እግዜር ያጥናዎት። ጋሽ ናሆም እንደሱ ያለ ሰው የለም። አብሽሩ። ጫማዎ የት ነው?»

ድንኳኑ ያው የምናውቀው የዕድር ድንኳን ነው፤ ዝናብ ያጠቆረው፣ አንድ ጥጉ የተጣፈ። ውስጡ ግን አግዳሚ ወንበር ብሎ ነገር የለም። በአግዳሚው ፋንታ የመሮጫ ማሽኖች ፊትና ኋላ ተደርድረዋል፣ ከወደ ጥግ የመዝለያ ገመድ ተንጠልጥሏል። ንፍሮ ብቻ አልተነካም። ንፍሮን ማን ይደፍራል! ሰው ከኪሱ እየቆነጠረ፣ እየሶመሶመ ይበላዋል፤ ትን ያለው ደግሞ ጀርባው እየተመታ ይቀጥላል።

ነገሩ የተጀመረው በእውነት ነበር፤ እውነቱን መደበቅ ነውር ነው። ሩጫ ለአእምሮ መድኃኒት ነው። ላብ ሲወጣ ድብርት ይለቃል፣ ጭንቀት ይረግባል፣ የረሳ ያስታውሳል፣ ያልተኛ ይተኛል። ይህን ሐኪም ተናገረ፣ ሰው ሞከረው፣ ሠራለት። እዚያ ላይ ቢበቃ ምን ነበረበት? ግን የኛ ሰው አንድ ነገር ከያዘ ያዘ ነው። ወንበር መጀመሪያ ከቢሮ ወጣ፣ ቀጥሎ ከካፌ፣ ቀጥሎ ከሰው ሳሎን። የሐሳብ ጤና ቢሮ የሚባል ተቋቋመ። ሰው ሰውን ሲያገኝ «ላብዎ እንዴት ነው?» ማለት ጀመረ፤ መልሱም «ተመስገን፣ ይንጠፈጠፋል» ነው። ልጅ ለመጠየቅ የሚላክ ሽማግሌ ድሮም ጉዳዩ ሳይፈጸም አልቀመጥም ይል ነበር፤ አሁን ጉዳዩ ተፈጽሞለትም አይቀመጥም። በመጨረሻ ተራው የለቅሶ ሆነ። ለቅሶ መቀመጥ የሚባለው ነገር ቀረና ሰው ለቅሶ መሮጥ ጀመረ።

የናሆም አስከሬን በሶምሶማ ወጣ። ቄሱ ብቻ በሐኪም ፈቃድ ቀስ ብለው ከኋላ ሄዱ፤ ፍትሐቱም እሳቸው እስኪደርሱ ቆየ። እሳቸውን ሲጠብቅ ቀባሪው ሁሉ በመቃብሩ ዙሪያ ባለበት ይረግጥ ነበር።

ከቀብር መልስ ኤልዳና ድንኳኑ ደጃፍ ስትደርስ ጉሮሮዋ ላይ አንድ ነገር ተቀረቀረ። መጣልኝ አለች። ዓይኗ መሙላት ሲጀምር አምባሩ ነዘረ፣ ቃልአብም ከየት መጣ ሳይባል ክርኗን ይዞ ማሽኑ ላይ አወጣት። መጀመሪያ እግሯ አልታዘዝ አላት። ከዚያ ታዘዘ። ቆይቶ ትንፋሿ መስመር ያዘ፣ ሙቀት ከእግሯ ተነስቶ ደረቷ ደረሰ፣ ጉሮሮዋ ላይ የተቀረቀረውም ቀልጦ ወረደ። ቀና ስትል በድንኳኑ ክፍተት የጦሳ ተራራ ታያት። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ተራራው ገና አረንጓዴ ነው፤ አናቱ ላይ ደመና ተቀምጧል። በደሴ የመቀመጥ ፈቃድ ያለው እሱ ብቻ ነው። ሲያምር አለች በሆዷ፣ ፈገግም አለች። ወዲያው ደነገጠች።

«ባሌን ቀብሬ መጥቼ ተራራ አደንቃለሁ?» አለች ድምፅ አውጥታ።

አጠገቧ የምትሮጠው ጎረቤቷ ሶልያና ሰማቻት። «ቀለለሽ አይደል?»

«ቀለለኝ።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«እንዲቀለኝ መች ፈለግሁ?»

«አይ አንቺ! ሁለት ቀን ቻይው እንጂ። እኔም የኔውን የቀበርኩ ጊዜ እንዲሁ አስቸገርኩ። በሠልስቱ ድኜ ተነሳሁ።» ሶልያና ፊቷን በፎጣ ጠረገች። «አሁን ሳስታውሰው ምንም አይለኝም። ፊቱን አልረሳሁትም፣ ልብሱን አልረሳሁትም። ግን የሆነ ቦታ የማውቀው ሰው ነው የሚመስለኝ።»

ይህን ብላ የማሽኗን ፍጥነት ጨመረች። ኤልዳናን ግን ፍርሃት ያዛት። በሠልስቱ ድንኳኑ ይነሳል፤ የዕድሩ ዳኛ አምባሯን አይቶ «ሐዘንዋ ወጥቶላታል» ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ እንባ ሐዘን መሆኑ ይቀርና በሽታ ይባላል። የፈለገችው ብዙ አልነበረም። ድንኳኑ ሳይነሳ፣ ናሆም የሆነ ቦታ የምታውቀው ሰው ሳይሆንባት፣ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ደህና አድርጋ ልታለቅስለት ነበር የፈለገችው።

በማግስቱ የዕድሩን ዳኛ፣ አቶ ባሮክን፣ ለብቻው አገኘችው። ባሮክ ወፈር ያለ፣ ፊቱ የማይከፋ፣ ለሰው የሚያስብ ሰው ነው።

«አንድ ነገር ልለምንዎት ነበር፣ ጋሽ ባሮክ።»

«ምን ገዶኝ! እየሄድን ይንገሩኛ።»

ድንኳኑን መዞር ጀመሩ። «ልቀመጥ» አለችው።

«ምን አሉኝ?»

«ለባሌ ለቅሶ ልቀመጥ። ትንሽ። ምንጣፍም ላይ ይሁን መሬትም ላይ ይሁን። ላልቅስለት።»

ባሮክ ነውር ነገር እንደተነገረው ሰው ግራና ቀኙን አየ። «እትዬ ኤልዳና፣ እርስዎ አስተዋይ ሰው ነዎት። የኔን እናት ያውቋታል። አባቴ ሲሞት ለቅሶ ተቀመጠች፤ ያን ጊዜ ይፈቀድ ነበር። ሦስት ቀን ተባለ፣ አርባ ሆነ። አርባው ዓመት ሆነ። እህል ቀረ፣ ሰው ቀረ፣ ፀሐይ ቀረ። እማዬ ተነሺ፣ እማዬ ተነሺ እያልኩ ስለምናት፣ እዚያው ወንበሯ ላይ አለቀችብኝ። እኔ የዚህ ዕድር ዳኛ እያለሁ ማንም ተቀምጦ አያልቅም።»

ይህን ሲናገር ዓይኑ እርጥብ አለ። አምባሩ ነዘረ። ባሮክ «ይቅርታ» አለና እየሮጠ ሄደ። ኤልዳና ክፉ ሰው ቢሆን ትጣላው ነበር፤ ለደግ ሰው ግን ምን ይደረጋል? ወደ ዕቃ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፣ ባልዲ ደፍታ ቁጭ አለች። የናሆምን ሹራብ ከምስማሩ አውርዳ ታቀፈች። ዓይኗን ጨፈነች።

«ተቀምጠዋል» አላት አምባሩ።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። «እትዬ?» አለ ቃልአብ ከውጭ፣ በጣም በአክብሮት። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተቀምጠው ነው እንዴ?»

«ዕቃ እየፈለግሁ ነው!»

«አብሽሩ፣ እኔ እፈልግልዎታለሁ። ይውጡና ይሩጡ።»

ወጣች፣ ሮጠች። ምን ታደርግ? እየሮጠች ያሰበችው ግን ናሆምን ነበር። የሚገርመው፣ በመሄድ ሐዘን እንደሚሻር ለእሷ ያስተማራት ቢሮ አልነበረም። ናሆም ነበር፤ ያውም ቢሮው ሳይፈጠር።

ያን ጊዜ ሁለቱም ልጅ እግር ነበሩ። ናሆም የጂኦግራፊ መምህር ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸው ተወልዳ ሳትሰነብት ሞተች፣ ከእሷ በኋላም ሌላ ልጅ አልመጣላቸውም። ኤልዳና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ክረምቱ ገብቶ ወጣ፣ እሷ አልወጣችም። ሰው መጥቶ መክሮ ሄደ፣ ሐኪም መድኃኒት ሰጠ። ናሆም ምንም አልመከራትም። አንድ ቀን ከሥራ ገብቶ «ነይ ዳቦ እንግዛ» አላት። አልጋ ላይ ላለች ሴት! ተናዳ ተነሳች። በማግስቱ ደግሞ ዳቦ ሳያልቅ ዳቦ እንግዛ አላት። ከዳቦ ቤቱ አልፈው ዳገቱን ጀመሩ፣ ሌላ ቀን ከዳገቱ አለፉ። ሰንበትበት ሲል ኤልዳና እህል ቀመሰች፣ እንቅልፍ ወሰዳት፣ አንድ ማታም መንገድ ላይ ያዩት አህያ አስቋት ተሳሳቁ። ልጇ ግን አልተረሳቻትም። እየሄዱ ያወሯት ነበር፣ እየሄዱም አልቅሰውላታል።

ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልካቸውን ወደ ማታ ወደ ጦሳ ግርጌ ይወጡ ነበር፤ መመለሻቸው የዛገ የውሃ ታንከር አለ፣ እዚያ ነው። እርጅና ሲመጣ የናሆም ጉልበት ይቆረጥመው ጀመር። አመመኝ ማለት ግን ከየት ይምጣ! ታንከሩ ጋ ሲደርሱ ቆም ይልና ሰማይ ያያል። «ዝናብ መጣ፣ እንመለስ» ይላታል። ጥር ወር፣ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጠርቶ፣ ዝናብ መጣ! የአየር ንብረት ያስተማረ ሰው! ኤልዳናም ሳቋን ውጣ «እውነትህን ነው፣ ጠቁሯል» ትለውና ክንዱን ይዛ፣ እንደ ጉልበቱ ልክ ቀስ እያለች አብራው ትወርዳለች። አንድም ቀን አላጋለጠችውም።

በሠልስቱ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባሮክ አምባሯን ሊያይ መጣ። ሰው ድንኳኑ ውስጥ የመጨረሻውን ሩጫ ይሮጣል፤ ቃልአብ ገመዶቹን መፍታት ጀምሯል። የኤልዳና ዓይን ደረቅ ነው። ሐዘኗ ወርዶ ወርዶ እታች ደርሷል፤ እሷም ይታወቃታል። ዛሬ ጠዋት ናሆም ሻይ ላይ ስኳር ያበዛ ነበር ወይስ አያበዛም ብላ ራሷን ጠይቃ ትንሽ ማሰብ አስፈልጓት ነበር።

ያኔ ነው ከበር በኩል ጩኸት የተሰማው።

«ወንድሜ ሆይ! ወንድም ጋሻዬ! ናሆሜ! ዋይ! ዋይ!»

ሯጩ ሁሉ አንዴ ዞረ። ወጣቶቹ ሴትዮዋን መኪና የገጫት መስሏቸው «አምቡላንስ!» አሉ። የናሆም ታላቅ እህት እናትነሽ ነበረች፣ ከወረኢሉ መንገድ ተበላሽቶባት ዘግይታ የደረሰችው። ገበሬ ድሮም ስለሚለፋ ቢሮው አገር ቤት ያለውን ሰው አልነካውም፤ እጇ ላይ አምባር የለም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸርጣለች። በአገር ደንብ ሩቅ ያለ ዘመድ ሲደርስ፣ ያለቀ ለቅሶም ቢሆን እንደ አዲስ ይነሳል። እናትነሽ ይነሳል ብላ ነው የመጣችው። ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ ሰው በሰልፍ ሲሮጥ አየችና ለቅሶዋን አቋረጠች።

«ምን ያሯሩጣችኋል? ማን እያባረራችሁ ነው?»

ሯጮቹ መሮጣቸውን ቀጠሉ። ዞር ስትል ኤልዳናን ማሽን ላይ አየቻት።

«አንቺስ? ምነው አታለቅሺም? ወንድሜ ውሻ ነው እንዴ?»

ኤልዳና ከማሽኑ ወረደች። እናትነሽ እጇን ያዘቻትና ከፍ ብላ ዘለለች፣ ደረቷን መታች፣ ሙሾ አወረደች፦

«ስመጣ ከደጅህ ወጥተህ ምትቀበለኝ፣
ዛሬ በሩን ዘግተህ ማን ግቢ ይበለኝ?»

ኤልዳና «ዋይ» አለች። ድምፁ ከየት እንደወጣ አላወቀችም። ደረቷን መታች፣ ደገመች፣ ዘለለች፣ «ናሆሜ!» አለች። ነጠላዋ ወደቀ። ጉሮሮዋ ላይ የቀለጠው ነገር ተመልሶ መጣ፣ ዓይኗ ሞላ፣ እንባው ጉንጯ ላይ ወረደ። እፎይ፣ መጣ! አምባሩ ነዘረ። ቃልአብ ደንግጦ ሊይዛት ሮጠ፣ ክርኗን ሊነካ ሲል ግን አምባሩ ራሱ ተናገረ።

«በጣም ጥሩ! የልብ ምትዎ በሚፈለገው ልክ ነው። በዚሁ ይቀጥሉ።»

ቃልአብ እጁ አየር ላይ ቀረ። ባሮክ ቀረብ ብሎ የአምባሩን መስታወት አየ። ዓይኑን አሽቶ ደግሞ አየ።

«ከሩጫው ይበልጣል እንዴ?» አለ።

«በጣም እንጂ ጋሽ ባሮክ» አለ ቃልአብ። «ትንፋሽም አለው፣ እጅም አለው፣ ዝላይም አለው። ሐዘኑም እየወረደ ነው።»

እናቱን ወንበር ላይ የቀበረ ሰው መድኃኒት ሲያገኝ ምን ይሆናል? ባሮክ አጨበጨበ። ድንኳኑ ተከትሎ አጨበጨበ። ቃልአብ ደስታው ሲያይልበት ምቱን ያዘላቸው፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ዋይ! ሦስት፣ አራት፣ ዋይ!» ሯጮቹ ከማሽን እየወረዱ በሁለት መስመር ተሰልፈው ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። ሶልያናም ከፊት ናት።

የኤልዳና እንባ ተቋረጠ። ገና ጉንጯን ሳይጨርስ ደረቀ።

እናትነሽ ሰልፉን እያየች ቆመች። «ምኑን ነው የምታጨበጭቡት? ሰርግ መሰላችሁ?»

ባሮክ ሁለት እጇን ይዞ ሳማት። «እናቴ፣ ይህን ነገር የት ተማሩት?»

«ምኑን?»

«ይህን እንቅስቃሴ።»

«ወንድሜ ሞቶብኝ ነው!»

«እሱማ እግዜር ያጥናዎት፤ እኔ ያልኩት የእጅ አወራረዱን ነው።»

እናትነሽ ንፍሮ እንኳ ሳትቀምስ አደረች። በማግስቱ ስትሄድ ኤልዳናን አቅፋ «ወንድሜን ደግመው ገደሉት» አለቻት። «ነይ ከኔ ጋር ወረኢሉ። እኛ ዘንድ ከብት ይጠበቃል፣ ሰው ይለቀሳል።»

«እሱን እዚህ ትቼው?» አለች ኤልዳና። እናትነሽ ብቻዋን ሄደች።

የሆነውን መቼም ትገምቱታላችሁ። የሐሳብ ጤና ቢሮ ባለሙያ ላከ። ባለሙያው አየ፣ ቀረጸ፣ ተደነቀ። የገና በዓል ሳይደርስ ድንኳኑ ዳግመኛ ተተከለና ሰፈሩ ማታ ማታ እየተሰበሰበ ማልቀስ ጀመረ። ከቧንቧ ውሃ ሰፈርም መጡ፣ ከፒያሳም መጡ። ለአዲሱ ስፖርት ስም ሲፈለግለት ባሮክ ከልቡ «የናሆም ስልት» ይባል አለ፤ ለኤልዳና ክብር ብሎ ነው። የናሆም ፎቶ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተሰቀለ፣ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዞ ሲስቅ የተነሳው። ናሆም በሕይወቱ ደረቱን የመታው ንፍሮ ትን ያለው ዕለት ብቻ ነበር።

ኤልዳና በክብር ከፊት መስመር ትቆማለች። ከኋላዋ መቶ ሰው በአንድ ድምፅ ዋይ ይላል፤ እንዴት ያለ የሚያምር ለቅሶ መሰላችሁ! እንባው በሰዓቱ ይወርዳል፣ በሰዓቱ ይቆማል። ሁሉም ላቡንና እንባውን ባንድ ፎጣ ጠርጎ፣ ፊቱ በርቶ፣ እየተሳሳቀ ወደ ቤቱ ይገባል። አንድ ቀን ሶልያና አፍንጫዋ እስኪቀላ ስታለቅስ ኤልዳና ጠየቀቻት።

«ለማን ነው የምታለቅሺው፣ ሶልዬ?»

«ለሳምባዬ!» አለች ሶልያና፣ ምቱ እንዳያመልጣት ፈጠን ብላ።

ኤልዳናን ግን እንባ እምቢ አላት። ትመታለች፣ ትዘላለች፣ ዋይ ትላለች፤ ዓይኗ እንደ ገብስ ቆሎ ደረቅ ነው። «እንባዎ አነስተኛ ነው» ይላታል አምባሩ። «የበለጠ ይጣሩ።» ስትጥር ይብስባታል። ሌሊት ግን እንቅልፍ አላጣችም፤ ጤናዋም እንደ ልጅ ነው፤ የሚያስፈራትም ይኸው ነበር።

አንድ የጥር ማታ ከድንኳኑ ደጃፍ ደረሰች። ቃልአብ ውስጥ ሆኖ «አንድ፣ ሁለት» እያለ ነው። ናሆም ከፎቶው ይስቅባታል። ኤልዳና ለአፍታ ቆማ አየችውና ዞራ ሄደች። ወዴት እንደምትሄድ አላሰበችበትም። እግሯ ዳቦ ቤቱን አልፎ ዳገቱን ያዘ። ሰው ሁሉ ለቅሶ ላይ ስለሆነ የመሮጫው መንገድ ጭር ብሏል። ከስንት ዓመት ወዲህ የሚቀድማት፣ የሚያበረታታት፣ ላብዎ እንዴት ነው የሚላት ሳይኖር መንገዱን ለብቻዋ አገኘችው። አልሮጠችም። ዝም ብላ ሄደች። ትንፋሿ ሞቅ አለ፣ ደረቷ ተከፈተ፣ አእምሮዋም ጠራ። ሲጠራ ደግሞ ናሆም ሻዩን ያለ ስኳር እንደሚጠጣ አስታወሰች።

ታንከሩ ጋ ደረሰችና ቆመች።

ቆማ ጠበቀች። ምን እንደምትጠብቅ ያወቀችው ቆይቶ ነው። ይህን መንገድ ዕድሜ ልኳን ስትሄደው አንድ ቀን እንኳ ራሷ ዞራ አታውቅም፤ የሚያዞራት እሱ ነበር። ሰው ሁሉ፣ አምባሩም ሳይቀር፣ ተነሺ፣ ሂጂ፣ ቀጥዪ ይላታል። እንመለስ የሚላት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የለም። እንዲህ እስከ መቼም ልትሄድ ትችላለች፤ ማንም አይመልሳትም።

ሰማዩን ቀና ብላ አየች። አንድ ደመና የለበትም።

«ዝናብ መጣ» አለች።

«ዛሬ በደሴ ዝናብ አይጠበቅም» አላት አምባሩ።

«መጥቷል አልኩህ። እንመለስ።»

እንመለስ ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። እንባው ሳትጠራው መጣ፤ ምት የለው፣ ዝላይ የለው፣ የሚያጨበጭብለት ሰው የለው። ዞረች። ቁልቁለቱን ቀኝ ክንዷን ትንሽ ከፈት አድርጋ፣ የሚደገፋት ሰው እንዳለ ሁሉ፣ እያረፈች እያረፈች ወረደች።

«ፍጥነትዎ በጣም ቀንሷል» አላት አምባሩ።

«ጉልበቱን ስለሚያመው ነው» አለች ኤልዳና፣ እያለቀሰች።